ቤታችን ይነሳል

አባቴ ተራራ የሚያፈርስ ሰው ነበር። ማጋነን ይመስላል፤ ሥራው ግን ይኸው ነው። ከሰፈራችን በላይ ባለው የድንጋይ ካባ ውስጥ ድማሚት የሚቀብረውም የሚያፈነዳውም እሱ ነበርና ሰዉ ሁሉ «ባለድማሚቱ» ይለዋል። እኔም «የባለድማሚቱ ልጅ» ነበርኩ። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ከኔ ጋር ለመጣላት የሚደፍር ልጅ በትምህርት ቤቱ አልነበረም። «ተዋት፣ አባቷ ቤታችሁን ያነሳዋል» ይባባሉ ነበር። እኔም ደረቴን ነፍቼ አልፍ ነበር። ያቺ ቀልድ ዞራ ዞራ እኔው ላይ እንደምታርፍ በምን አውቄ!

«ያነሳዋል» የሚሉት ከአባቴ የሰሙትን ነው። በካባው ሰዎች ቋንቋ ድንጋይ አይፈነዳም፤ ይነሳል። አባዬ አመድ የመሰለ ፊቱን በበር ላይ እየታጠበ «ዛሬ የግራውን ገደል ብድግ አድርጌ አነሳሁት» ይል ነበር፣ ከባድ ጆንያ ከመሬት እንዳነሳ ሰው።

ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ጥሩምባው ይጮሃል። መጀመሪያ ረጅሙ፤ «ተዘጋጁ» ማለት ነው። ልብስ ሰፊዋ እናቴ መኪናዋን አቁማ ትንሹን ወንድሜን ድንቡሼን ታቅፋለች፤ እኔን በእጇ ትስበኝና ከመስኮቱ ርቀን ጥግ እንይዛለን። አጫጭሮቹ ይከተላሉ። ከዚያ ጸጥ። የሚያስፈራው ያ ጸጥታ ነበር፤ ውሾቹ እንኳ አይጮሁም። መጀመሪያ የምሰማው በጆሮዬ ሳይሆን በውስጥ እግሬ ነው። ወለሉን ከሥር አንድ ሰው በጡጫ የመታው ይመስል ጉብ ይላል፤ ድምፁ ከዚያ ነው የሚመጣው። የእማዬ መርፌዎች በቆርቆሮ ሣጥናቸው ውስጥ ይንጫጫሉ። ከጣሪያው አቧራ ይረግፋል። ድንቡሼ ይስቃል፤ ጨዋታ ይመስለዋል።

ከአልጋችን በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ነበር። አባዬ በሲሚንቶ ይደፍነዋል፣ ስንጥቁ ተመልሶ ይከፈታል።

«ቤትም እንደ ሰው ነው፣ ሲያረጅ ይሸበሸባል» ይላል አባዬ።

«ተሠርቶ ሳይጠግብ ነው የሚያረጀው?» ትላለች እማዬ።

«በልጅነቱ የሸበተ ሰው አላየሽም እንዴ?» ብሎ ይስቃል። እሷ አትስቅም።

ከሥራ ሲመለስ ወዲያው አይገባም። ከግቢው ውጭ ቆሞ ጣሪያችንን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ይለካዋል። ቤቱን በገዛ እጁ ስለሠራው የሚኮራበት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ የሚፈልገው ቀዳዳ ነበር።

አንድ ቀን ከፍንዳታው በኋላ ከጎረቤታችን ከእንቁላል ሻጯ ቤት ጩኸት ተሰማ። ሮጠን ስንደርስ የማድ ቤቷ ቆርቆሮ ተበስቶ ፀሐይ በቀዳዳው እንደ ዱላ ቀጥ ብላ ገብታለች። ከሥሩ፣ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ፣ የጭንቅላት ያህል ድንጋይ በአረፋ ተከቦ ተቀምጧል። ሴትየዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች፤ ፊቷ ሁሉ ሳሙና ነው።

«ሳሙና አነሰኝ ብዬ ሳማርር ድንጋይ ተላከልኝ!» ብላ ሳቀች። ሰዉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የእማዬ እጅ ግን ትከሻዬን ጨምድዶ ይዞ ነበር።

አባዬ እያለከለከ መጣ። ድንጋዩን አየ፣ ቀዳዳውን አየ። «ይሄ ከላይ የመጣ አይደለም» አለ። «ዱርዬ ልጆች ወርውረውት ነው። ቆርቆሮውን እኔ እቀይርልሻለሁ።» ድንጋዩንም ከሳፋው አውጥቶ በጃኬቱ ሸፍኖ ወደ ካባው ይዞት ሄደ። እኔ አመንኩት። ያን የሚያህል ድንጋይ እዚያ ድረስ የሚወረውሩት ጎረምሶች እነማን ይሆኑ ብዬ ስንት ቀን በመንገድ ላይ የልጆችን ክንድ ስመለከት ከረምኩ። ወደ ካባው መውሰዱም ቸርነት መስሎኝ ነበር፤ የጠፋ ድንጋይ ወደ ወገኖቹ የሚመልስ። ማንም እንዳይለካው ከሺህ ድንጋይ መሀል ሊጥለው እንደሆነ የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ቀያሿ መጣች። ከከተማው ፕላን ቢሮ የተላከች፣ የወንድ ቦቲ ጫማ ያደረገች ቀጭን ሴት። ሦስት እግርና አንድ ዓይን ያለው መሣሪያ ተሸክማ ነበር። እሱን መንገዱ ላይ አቆመችና ጎንበስ ብላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀጥ አድርጋ ወደ ቤታችን አነጣጠረች። ጠመንጃ ነው ብዬ ድንቡሼን ይዤ በሆዴ ተኛሁ። አልተኮሰችም። ከግድግዳችን ሥር ደግሞ ጥቁር ሣጥን አስቀመጠች። «ምንድን ነው?» ብላት «መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የሚያዳምጥ ነው» አለችኝ። ሣጥን ጆሮ ካለው አፍ አያጣም ብዬ ከዚያ ወዲያ በአጠገቡ ሳልፍ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

የሰፈሩ ሰው ከበባት።

«ካባው እናንተ ሳትመጡ ነው የነበረው» አለች። «ቤቶቹ ናቸው እየተጠጉ የመጡት። ቦታ ሲመሩ ማንም እዚህ ጋ ይብቃ አላለም፤ ጥፋቱ የናንተ አይደለም። አሁን ግን አንዱ መራቅ አለበት።»

«ታዲያ ተራራው ይራቃ!» አለች እንቁላል ሻጯ፣ ሰዉም በሳቅ ፈረሰ።

ቀያሿም ፈገግ አለች። «ቢሰማኝ መጀመሪያ እሱን ነበር የምለምነው» አለች። ከዚያ መሬት ላይ በእንጨት እየጫረች አስረዳች፤ እዚህ ድረስ ሰው አይኖርም፣ ዛፍ ይተከልበታል፤ ከዚያ ቀጥሎ መጋዘንና ጋራዥ፤ መኖሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ከዚያ ወዲያ ነው የሚጀምሩት። «መስመሩ ውስጥ ያለ ቤት ይነሳል» አለች።

ይነሳል! በዙሪያዋ የቆመውን ሰው አየሁ። ማንም አልጮኸም። አንዱ ጥርሱን ይጎረጉራል። ቤቴ ገደሉ እንደተነሳው እንዲነሳ ተነግሮ ትልልቅ ሰዎች እንዴት ጥርሳቸውን ይጎረጉራሉ?

የኛ ቤት ከመስመሩ ውጭ ነው ሲሉ ስለሰማሁ ግን ተጽናናሁ። መጽናናቴ አልቆየም።

በዕረፍት ቀን፣ እማዬ ልብስ የምትቆርጥበት ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ መሀል ተቀምጬ ነበር። መጫወቻዬ እዚያ ነው። አባዬ ገባ፤ ያየሁት ጫማውን ብቻ ነው።

«ለቀያሿ ስለ ድንጋዩ የነገርሻት አንቺ ነሽ?» አለ።

መኪናው ቆመ። «አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«የገዛ ባልሽን አሳልፈሽ ሰጠሽው?»

«የሰጠሁት ድንጋዩን ነው። አንተን መቼ ሰጠሁ?»

«መስመሩን ገፋችው እኮ! በኛ ላይ አሳለፈችው። አሁን ቤታችን ውስጥ ገባ።»

«ይግባ።»

«ሴትዮ፣ ቤቱ ይነሳል ነው የምልሽ!»

«ይነሳ!» አለች እናቴ። እንዲህ ጮኻ አታውቅም። «ዛሬ ነገ ሳይባል ይነሳ!»

«ድንጋዩን አንድ ባንድ ተሸክሜ ያቆምኩትን ቤት! እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም አያነሳውም።»

«አንተ በሕይወት እያለህ ነው ያ ድንጋይ የመጣው» አለች ቀስ ብላ።

ጫማዎቹ ዞሩ። በሩ ተላተመ። እማዬ መኪናዋን አላስነሳችም፤ ከጠረጴዛው በላይ ስታለቅስ ሰማኋት፤ እንባዋ ይሁን ሌላ፣ አጠገቤ ያለ ጨርቅ ላይ አንድ ጠብታ ወደቀች።

ዛሬ የዚያን ቀን ጠብ ሳስታውስ ልጆቿን ለማዳን ባሏን የተጋፈጠች ሴት ነው የማየው። ያኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው፦ እናቴ ቤታችን በድማሚት እንዲነሳ ትፈልጋለች፣ አባቴ ይከለክላል። ዓለሜ ተገለበጠች። የምፈራው አባቴ ጠባቂዬ፣ የምጠጋት እናቴ ገዳዬ ሆነች።

ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። ከካባው በታች መንገድ ላይ ቀይ ጨርቅ እያውለበለበ መኪናና ሰው የሚያግድ ሽማግሌ ነበር፤ ጋሽ ባንዲራ እንለዋለን።

«ጋሽ ባንዲራ፣ ቤት ሲነሳ ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል? ብድግ ብሎ ይሄዳላ!» አለና እየሳቀ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ወረወረ።

«ውስጡ ያሉት ሰዎችስ?»

«አብረው ነዋ! ወዴት ይቀራሉ?»

ከዚያ በኋላ ምግብ አልወርድ አለኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ እተኛ ጀመር፤ እማዬ ታወልቅልኛለች፣ እኔ መልሼ አደርጋለሁ። ግንባሬን ስትዳብሰኝ እሸማቀቅ ነበር። «ይህች ልጅ ምን ነክቷት ነው?» ብላ ለአባዬ ትነግረዋለች፤ እሱ ግን ካኮረፈ ሰንብቷል፣ አይመልስላትም። እሷም የሰው ልብስ ትታ ሌላ ነገር መስፋት ጀመረች። ከድሮ መጋረጃ፣ ከወፍራም ጨርቅ፣ ረጃጅም ከረጢት። አንዱ ሲያልቅ አጥፋ አልጋ ሥር ትከታለች።

«እማዬ፣ ምንድን ነው?»

«ቀኑ ሲደርስ ታውቂዋለሽ» አለችኝ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። አስቀድማ ልታስጨንቀኝ አልፈለገችም። እሷ ወደ ጓሮ ስትወጣ ከአልጋው ሥር አንዱን ስቤ ከድንቡሼ ጎን ዘረጋሁት። ከእግሩ እስከ ራሱ፣ ልክ ነበር። ሌላውን ከራሴ ጋር ለመለካት ድፍረት አጣሁ። አጥፌ መለስኩት፤ እሷ እንዳጠፈችው ግን አልሆነም።

ቀኑ ደረሰ። ቀያሿ ከምሳ በኋላ ቀለም በቆርቆሮና ብሩሽ ይዛ መጣች። እማዬ ውኃ ሰጠቻት፣ ጠጣች፣ አመሰገነች። ከዚያ በግድግዳችን ላይ፣ ከበሩ ጎን፣ ትልቅ ቀይ ምልክት አደረገች። ቀለሙ ወደ ታች ተንጠባጠበ።

እኔ ቀይ ቀለም ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አባዬ አንድ ጊዜ ካባው አፍ ድረስ ወስዶኝ አሳይቶኛል፤ ገደሉ ላይ ቀይ ምልክት የተደረገበት ቦታ ሁሉ ይቦረቦርና ድማሚቱ እዚያ ይገባል።

እማዬ ቀያሿን ልትሸኝ ወጣች። ወዲያው ረጅሙ ጥሩምባ ጮኸ።

አላሰብኩም። ድንቡሼን በእማዬ ነጠላ አዝዬ በጓሮ በር ወጣሁ። ከቤት መራቅ አለብኝ፤ ወዴት? ቤቱን አላስነሳም ወዳለው ሰው፣ ወደ አባቴ። በዋናው መንገድ ብሄድ ጋሽ ባንዲራ ይመልሰኛል። ስለዚህ በገደሉ ጎን ባለችው የፍየል መንገድ ወጣሁ። ድንቡሼ ከባድ ነበር። ነጠላው አንገቴን ያንቀኛል። ጠጠሩ ከእግሬ ሥር እየሸሸ ሁለት ወደፊት አንድ ወደኋላ ያስኬደኛል። «አባዬ!» እያልኩ እጣራለሁ፤ ገደሉ ግን ድምፄን ይውጠዋል።

አጫጭሮቹ ጥሩምባዎች ሲጮሁ ከካባው አፍ አጠገብ ደርሻለሁ። አንድም ሰው የለም። ሁልጊዜ የሚርመሰመሰው ቦታ ባዶ ነው፤ ዶማው ወድቋል፣ ጋሪው ቆሟል። ሰዎቹ ሁሉ የት ሄዱ? ከዚያ ያ ጸጥታ መጣ። ቤት ውስጥ ሆኜ የማውቀው ጸጥታ፣ አሁን ግን ጣሪያ የለውም። ከጎኔ ጎማው የወለቀ የዛገ ገልባጭ መኪና ነበር። ለምን ከሥሩ እንደገባሁ አላውቅም። ጥግ መያዝ ለምዶብኝ ይሆናል።

መሬቱ ሆዴን መታኝ። ገደሉ መጀመሪያ ተነፋ፤ እንደ ዳቦ ተነፋ፤ ከዚያ ከየስንጥቁ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ተነሳ። በእርግጥም ተነሳ። ድምፁን አላስታውስም። የማስታውሰው ድንቡሼ ጀርባዬ ላይ አፉን ከፍቶ ሲያለቅስ፣ ልቅሶው ግን አለመሰማቱን ነው። ከዚያ የድንጋይ ዝናብ መጣ። ትንንሾቹ በገልባጩ ብረት ላይ ይንጫጫሉ፣ ትልልቆቹ ይደቁሱታል። አንዱ የፍየል መንገዷ ላይ፣ አሁን በረገጥኩት ቦታ፣ ወርዶ ለሁለት ተከፈለ። አቧራው ሸፈነን። ሞተናል አልኩ፤ ሞትም እንዲህ ግራጫ ነው አልኩ።

ከፍንዳታ በኋላ ሳይፈነዳ የቀረ ድማሚት እንዳለ ማየት የአባዬ ሥራ ነበር። በአቧራው ውስጥ ሲመጣ እግሮቹን አወቅኋቸው። ሳል ሰምቶ ይሆናል፣ ጎንበስ አለ።

ፊቱን እስከዛሬ አልረሳሁትም። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጎትቶ አወጣን፣ ድንቡሼን ከጀርባዬ ፈታው፤ እጆቹን፣ እግሮቹን፣ ጭንቅላቱን ዳበሰ። እኔንም እንደዚያው። ከዚያ ጠጠሩ ላይ ተቀመጠ። መላ አካሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። በጣም ተቆጥቷል ብዬ ፊቴን ሸፈንኩ፤ ጥፊውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ሁለታችንንም ተሸክሞ መውረድ ጀመረ።

እማዬ ሽቅብ ትሮጣለች፤ አንድ እግሯ ባዶ ነው፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ቀያሿ ከኋላዋ አለች። እማዬ ደርሳ ድንቡሼን ነጠቀችው፤ ሁለቱ ወላጆቼ እኛን መሀል አድርገው ተያዩ። አባዬ ያኮረፈበትን አፍ ከፈተ።

«ይነሳ» አለ። «ቤቱ ይነሳ። ዛሬውኑ ይነሳ።»

ያኔ ነው የጮህኩት። እሱም ከዳን! «አታንሱን! አባዬ፣ ድማሚት አታድርግብን! ከረጢቱ ውስጥ አልገባም! ድንቡሼም አይገባም!» እያልኩ ደረቱን በቡጢ ደበደብኩት።

ቀድሞ የገባት እማዬ ናት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ልጄን» አለች። «ልጄን፣ ስንት ቀን ይህን ይዘሽ ነበር?»

ቀያሿ ፊቴ ተንበረከከች። «የኔ ቆንጆ፣ ቤቱን የሚያነሳው የሰው እጅ ነው» አለችኝ። «ቆርቆሮው ይነቀላል፣ በሩ ይነቀላል፣ መኪና ላይ ይጫናል፤ እናንተም ትጫናላችሁ፣ ራቅ ብሎ ይተከላል።» «ከረጢቱ የብርድ ልብስና የአልጋ ልብስ መያዣ ነው» አለች እማዬ። ይህን ሁሉ ነገሩኝ። ሰማሁ፤ አላመንኩም። የተነሳ ነገር ምን እንደሚመስል አሁን በዓይኔ አይቻለሁ።

በማግስቱ አባዬ ወደ ሥራ አልሄደም። ጥሩምባው የሌላ ሰው ሆነ፤ እሱም ከዚያ ወዲያ የፍንዳታ ቁልፍ በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ ኮረት ጭኖ ሲያመላልስ ነው ያረጀው። ዛሬ በአውቶቡስ በዚያ ሳልፍ ሰፈራችን የነበረበት ጫካ ሆኗል፤ ከጫካው ወዲህ የመጋዘን ጣሪያዎች ይታያሉ። ካባው አሁንም ይጮሃል። ያ ሁሉ እንዲህ ቀላል ሆኖ አልመጣም፤ ሰፈሩ አልነሳም ብሎ ነበርና። ከፍንዳታው በኋላ ቀያሿ በሰበሰበቻቸው ቀን ድንጋይ እዚህ ደርሶ አያውቅም ብለው ተሟገቷት። «ባለድማሚቱ ራሱ ምስክር ነው!» አሉ።

አባዬ እኔን በእጁ ይዞ ከኋላ ቆሞ ነበር። ወደፊት ወጣ፤ እኔም አብሬው ተጎተትኩ። እንቁላል ሻጯ ፊት ቆመ።

«ያ ድንጋይ ከካባው ነው የመጣው» አላት። «ያፈነዳሁት እኔ ነኝ። ደብቄ የወሰድኩትም እኔ ነኝ። ዱርዬ ልጆች ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

ሰዉ ጉርምርም አለ። አንዱ ሰደበው። ሴትየዋ ግን አልተሳደበችም፤ ሁልጊዜ የምትቀልደው ሴት አሁን ፊቷ ላይ ቀልድ የለም።

«ልጄ እኮ ሳፋው አጠገብ ነበር የተቀመጠው፤ ገና ማንሳቴ ነበር» አለች። «ለምን ዝም አልክ?»

«ፈርቼ ነው» አላት።

ከጥሩምባው፣ ከሣጥኑ፣ ከቀይ ቀለሙ፣ ገልባጩ ሥር ካየሁት ሁሉ ይልቅ ያቺ ቃል አስደነገጠችኝ። ተራራ የሚያነሳ አባቴ ይፈራል! እሱ ከፈራ ማን ሊያስጥለን ነው? ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ወደ መሬት ያያል። እጁ እጄ ውስጥ በላብ ርሷል፤ ሊለቀኝ ሲል አጥብቄ ያዝኩት።

እንቁላል ሻጯ ወደ ቀያሿ ዞረች። «መቼ ነው የምንነሳው?» አለቻት።

እኛም ወደ ቤት ሄድን። አባዬ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ የመጀመሪያውን ሚስማር ነቅሎ ወደ ታች ዘረጋልኝ። ፈራሁ። ግን እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩት።